ረጅም ምስል በኤ4 ማውጣት፦ የቱ ፕሮግራም ለየትኛው ሥራ?

ከስልክ ላይ እየተሳበ የተነሳ ረጅም ስክሪንሾት በስክሪን ሲታይ ምንም አይልም። ጣጣው የሚጀምረው ፕሪንት ሲባል ነው። ወይ ሙሉው ምስል አንድ ገጽ ላይ ተጨምቆ ጽሑፉ ይጠፋል። ወይ መሃሉ ብቻ ወጥቶ ራስና ግርጌው ይቀራል። ወይ ደግሞ አሥራ ሁለት ገጽ ይወጣና ግማሹ ባዶ ወረቀት ይሆናል።

ድሬዳዋ ከዚራ ወይም ሳቢያን ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች አንዱ ጋ ትንሽ ብትቆሙ ይህን ማየታችሁ አይቀርም። አንዱ የቴሌግራም ንግግር ይዞ ይመጣል። ሌላው የሞባይል ባንክ የክፍያ ዝርዝር። ሌላዋ የስም ዝርዝር። የወጣውን ወረቀት ወደ ዓይኑ አስጠግቶ «አቦ፣ ይሄን ጉንዳን ነው የሚያነበው?» የሚል ደንበኛም አይጠፋም።

ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር። በእጅ ተይዞ ለሚነበብ ነገር ኤክሴል ይሻላል። አዎ፣ ኤክሴል። ግድግዳ ላይ ለሚለጠፍ ምስልን በብዙ ገጽ የሚከፍለው ፖስተሬዘር የሚባል ነጻ ፕሮግራም፣ ካልሆነም የአዶቤ ሪደር ፖስተር። ለጥድፊያ ፔይንት ይበቃል። ዎርድ የሚያዋጣው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፣ እሱንም እነግራችኋለሁ። የዊንዶውስ ፎቶስን ለዚህ ሥራ ባትነኩት ይሻላል።

ስፋቱን እሰሩ፣ ቁመቱን ልቀቁ

የፕሮግራሞቹ ልዩነት የሚገባን ሂሳቡን ካየን በኋላ ነው። ኤ4 ወረቀት 210 በ297 ሚሊሜትር ነው። በየዳሩ አንድ ሴንቲሜትር ማርጂን ብንተው ለምስሉ የሚቀረው 19 በ27.7 ሴንቲሜትር ነው። አሁን ስፋቱ 1080 ፒክስል፣ ቁመቱ 9000 ፒክስል የሆነ ስክሪንሾት እንውሰድ። ይህ ከብዙ ስልኮች የሚመጣ የተለመደ መጠን ነው።

ፕሮግራሙ «ገጹ ላይ አስገባ» ሲባል ቁመቱን ያይና 9000ውን በ27.7 ሴንቲሜትር ውስጥ ይከታል። ስፋቱም አብሮ ይወርዳል። ስንት ይሆናል? 3.3 ሴንቲሜትር። ይኸው ነው የጉንዳኑ ጽሑፍ። ፕሪንተሩ ምንም አላጠፋም፣ የታዘዘውን ነው የሠራው።

መፍትሔው ትእዛዙን መገልበጥ ነው። ስፋቱን 19 ሴንቲሜትር ላይ እሰሩት። ቁመቱ እስከፈለገው ገጽ ድረስ ይሂድ። እንዲህ ሲሆን አንድ ገጽ ከምስሉ 1575 ያህል ፒክስል ቁመት ይይዛል። 9000ን በ1575 ስናካፍል 5.7፣ ማለትም ስድስት ገጽ። ለሌላ ምስልም ያው ነው። ስፋቱን በ1.46 አባዙት፣ የምታገኙት አንድ ገጽ የሚችለው ቁመት ነው። ጠቅላላ ቁመቱን በዚያ ስታካፍሉ የገጹ ብዛት ይወጣል። ፎቶ ኮፒ ቤት ሂሳብ የሚጠየቀው በገጽ ስለሆነ ይህን አስቀድሞ ማወቁ አይከፋም።

ጥራቱስ? 1080 ፒክስል በ19 ሴንቲሜትር ላይ ሲዘረጋ በኢንች 144 ነጥብ ይደርሰዋል። ለፎቶ አልበም ያንሳል፣ ለጽሑፍ ግን በቂ ነው።

ግን 19 ሴንቲሜትር ለምን? ይህን ብዙ ሰው አይጠይቅም። የስልካችሁ ስክሪን ስፋቱ 7 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ጽሑፉን ያነበባችሁት በዚያ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ 9 ወይም 9.5 ሴንቲሜትር ቢሆን እንኳ ከስልኩ ይበልጣል። ስድስቱ ገጽ በአንድ ወረቀት አራት አራት ሆኖ ቢወጣ እያንዳንዱ በግማሽ ያንስና ምስሉ 9.5 ሴንቲሜትር ገደማ ስፋት ይኖረዋል። ስድስት ወረቀት ወደ ሁለት ወረደ ማለት ነው። ይህን የሚሠራው የፕሪንተሩ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ያለው «ፔጅስ ፐር ሺት» ወይም የአዶቤ ሪደር «መልቲፕል» ነው። ቢሮ ለሚገባ ወይም ዓይናቸው ለደከመ ሰው ለሚሰጥ ሙሉውን ስፋት ተጠቀሙ። ለራሳችሁ ማስታወሻ ከሆነ ግን ስድስት ወረቀት ማባከን ነው።

ፕሮግራም ከመምረጣችሁ በፊት

ሁለት ነገር አጣሩ።

አንደኛ፣ ምስሉ እንዴት ነው ኮምፒውተሩ ላይ የደረሰው? ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ተልኮ ከሆነ ተጨምቋል። በተለመደው አላላክ ረጅሙ ጎን ወደ 1280 ፒክስል ይወርዳል። ለተራ ፎቶ ችግር የለውም። ለኛ ረጅም ምስል ግን መዓት ነው። 9000ው ወደ 1280 ሲወርድ 1080 የነበረው ስፋት 154 ፒክስል ይሆናል። እሱን በ19 ሴንቲሜትር ብታትሙት በኢንች 20 ነጥብ ብቻ ነው የሚደርሰው። ከዚያ በኋላ ኤክሴልም፣ የምስል ማስተካከያው ጊምፕም፣ የትኛውም ባለሙያ አያድነውም። ስለዚህ ሲላክ «ፋይል» ተብሎ ይላክ። ዋትስአፕ ከሆነ «ዶክዩመንት» ተብሎ። ወይም በፍላሽ ወይም በገመድ ይምጣ። ምስሉ እንደተከፈተ መጀመሪያ የምታዩት ነገር ስፋቱ ስንት ፒክስል እንደሆነ ይሁን። ከ500 በታች ከሆነ ዋናውን እንደገና አስልኩ።

ሁለተኛ፣ ስክሪንሾት መሆኑ ግድ ነው ወይ? የቴሌግራም ንግግር ከሆነ የኮምፒውተሩ ቴሌግራም ላይ ንግግሩን ክፈቱና ከላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ንኩ። «ኤክስፖርት ቻት ሂስትሪ» የሚል አለ። ኤችቲኤምኤል ብላችሁ ስታወጡት በብሮውዘር ይከፈታል። ከዚያ ፕሪንት ስትሉት ጽሑፉ ጽሑፍ ሆኖ ነው የሚወጣው፤ ገጹም ራሱ ይከፈላል። የባንክ ዝርዝርም በፒዲኤፍ የሚወርድ ከሆነ ያንኑ አውርዱት። ጥሩው ረጅም ምስል መታተም ያላስፈለገው ነው።

የጨለማ ገጽታ ያለው ስክሪንሾት ከሆነ ደግሞ ቶነር ጨራሽ ነው፤ ጥቁር ወረቀት ላይ ነጭ ፊደል ለማንም አይመችም። ስልኩን ወደ ነጭ ገጽታ መልሶ እንደገና ማንሳት ይሻላል። ካልተቻለ ፔይንት ላይ ሁሉንም መርጣችሁ በቀኝ ክሊክ «ኢንቨርት ከለር» በሉት፤ ይገለበጣል።

ፎቶስ እና የቀኝ ክሊክ ፕሪንት

ባጭሩ፦ አይሆንም። ፎቶስ አንድን ምስል በአንድ ገጽ ነው የሚያየው፣ በብዙ ገጽ የመክፈል ሐሳብ የለውም። ሁለት ምርጫ ይሰጣል። አንዱ አሳንሶ ያስገባል። ሌላው ገጹን ሞልቶ የተረፈውን ይቆርጣል። ፋይሉ ላይ በቀኝ ክሊክ ተደርጎ የሚመጣው የድሮው የፕሪንት መስኮትም ያው ነው። ከታች «ፊት ፒክቸር ቱ ፍሬም» የሚል ምልክት አለው። ምልክቱ ካለ ላይና ታቹ ይቆረጣል። ምልክቱን ካነሳችሁት ምስሉ ሙሉ ይመጣል፣ ግን ያው 3.3 ሴንቲሜትር ሆኖ። «መሃሉ ብቻ ወጣ» የሚባለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ ምንጩ ይህች ምልክት ናት።

ፔይንት፦ ለጥድፊያ

ፔይንት ይናቃል እንጂ በዚህ ጉዳይ ከፎቶስ የተሻለ ነው። ፋይል፣ ከዚያ ፕሪንት፣ ከዚያ ፔጅ ሴትአፕ ግቡ። ማርጂኖቹ ሰፊ ሆነው ነው የሚመጡት፣ ሁሉንም 10 ሚሊሜትር አድርጓቸው። ከታች «ስኬሊንግ» የሚል ክፍል አለ። እዚያ «ፊት ቱ» የሚለውን ምረጡና 1 ባይ 6 በሉ። በስፋት አንድ ገጽ፣ በቁመት ስድስት ገጽ ማለት ነው። አለቀ።

ይህች ቦታ አንድ ጥቅም አላት። ስድስት ሳይሆን 1 ባይ 5 ካላችሁት ምስሉ በአምስት ገጽ ቁመት ልክ ያንሳል። ስፋቱ ከ19 ወደ 16.6 ሴንቲሜትር ይወርዳል። ማንም ልዩነቱን አያስተውለውም፣ እናንተ ግን የአንድ ገጽ ዋጋ አተረፋችሁ።

«አድጀስት ቱ» የሚለውን ፐርሰንት ከመረጣችሁ ተጠንቀቁ። ፔይንት 100 ፐርሰንት የሚለውን የሚያሰላው ፋይሉ ላይ ከተጻፈው ዲፒአይ፣ ማለትም በኢንች ካለው የነጥብ ብዛት ነው። አብዛኛውን ጊዜ 96 ነው። 1080 ፒክስል በ96 ሲካፈል ከ28 ሴንቲሜትር በላይ ይሆናል፤ ኤ4 ደግሞ ስፋቱ 21 ብቻ ነው። የተረፈው ወደ ቀኝ ሁለተኛ ረድፍ ገጽ ይሄዳል፣ የወረቀቱም ብዛት ያብጣል። 66 ፐርሰንት ብትሉት ልክ ይመጣል።

የፔይንት ትልቁ ድክመት መቁረጫው ነው። ገጹ ባለቀበት ይቆርጣል፣ ምን ላይ እንዳረፈ አያይም። አንድ መስመር ጽሑፍ መሃል ለመሃል ተሰንጥቆ ላይኛው ግማሽ ገጽ ሁለት ላይ፣ ታችኛው ግማሽ ገጽ ሦስት ላይ ይወጣል። የገንዘብ መጠን የተጻፈበት መስመር ከሆነ ደግሞ ወረቀቱ ዋጋ አጣ።

ኤክሴል፦ መቁረጫውን እናንተ ስትመርጡ

ኤክሴልን ለምስል መጠቀም መጀመሪያ ያስቃል። ግን ነገሩ እንዲህ ነው። ኤክሴል ምስሉን ከሴሎቹ፣ ማለትም ከሰንጠረዡ ትንንሽ ሳጥኖች በላይ ያንሳፍፈዋል። ገጽ የሚከፈለው በሴሎቹ ረድፍ ነው። ረድፉን ደግሞ እናንተ ታዛላችሁ። ስለዚህ የመቁረጫው መስመር በሁለት መልእክቶች መካከል ባለው ባዶ ቦታ ላይ እንዲያርፍ ማድረግ ይቻላል። ከዚህ በታች ካሉት ፕሮግራሞች ያለ ብዙ ድካም ይህን የሚያደርግ አላየሁም።

አካሄዱን በዝርዝር ልንገራችሁ፣ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው።

ባዶ ሺት ክፈቱ። መጀመሪያ ሙሉውን ሺት ምረጡና የረድፉን ከፍታ አሳንሱ። የተለመደው 15 ነው፤ እሱ ወረቀት ላይ ከግማሽ ሴንቲሜትር ትንሽ ይበልጣል። 5 ብታደርጉት መቁረጫችሁ ይረቃል። ይህን ምስሉን ከማስገባታችሁ በፊት አድርጉት። ካስገባችሁ በኋላ ረድፍ ማሳነስ አንዳንዴ ምስሉንም አብሮ ይደፈጥጠዋል።

ከዚያ ፔጅ ሌይአውት ላይ ወረቀቱን ኤ4፣ ማርጂኑን በየዳሩ 1 ሴንቲሜትር አድርጉ። ከግርጌ የገጽ ቁጥር የምትጨምሩ ከሆነ የታችኛውን 1.5 አድርጉት። ብትጨምሩ ነው የሚሻለው። ድሬ ላይ ቬንቲሌተር የማይሽከረከርበት ሱቅ የለም። ቁጥር የሌላቸው ስድስት ገጾች ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ ዞር ካላችሁ መልሶ መደርደሩ የራሳችሁ ነው። ፔጅ ሴትአፕ ውስጥ «ሄደር ፉተር» በሚለው ስር «ፔጅ 1 ኦፍ» የሚለውን መምረጥ ይበቃል።

አሁን ምስሉን አስገቡ፤ ኢንሰርት፣ ከዚያ ፒክቸርስ። ከላይ ግራ ጥግ ላይ አስጠጉት። ፒክቸር ፎርማት ላይ ስፋቱን 18.5 ሴንቲሜትር በሉት። 19 ያላልኩት በምክንያት ነው። ኤክሴል በስክሪን የሚያሳየውና ወረቀት ላይ የሚያወጣው በጥቂት ሚሊሜትር ይለያያል። ምስሉ ፀጉር ታህል እንኳ ከገጹ ስፋት ካለፈ ኤክሴል ለዚያች ትርፍ ሌላ ስድስት ገጽ ይከፍትላታል። አሥራ ሁለት ገጽ ወጥቶ ግማሹ ባዶ የሚሆነው በዚህ ነው።

ቀጥሎ የተቆራረጠው መስመር የት ላይ እንዳረፈ እዩ። እሱ ኤክሴል በራሱ ሊቆርጥበት ያሰበው ቦታ ነው። ጽሑፍ ላይ ካረፈ ትንሽ ወደ ላይ ወጣ በሉና ባዶ ቦታ ፈልጉ። በዚያ ትክክል በግራ በኩል ያለውን የረድፍ ቁጥር ክሊክ አድርጉ። ፔጅ ሌይአውት ላይ «ብሬክስ»፣ ከዚያ «ኢንሰርት ፔጅ ብሬክ» በሉ። ከመረጣችሁት ረድፍ በላይ ይቆረጣል። ከዚያ ወደሚቀጥለው ገጽ ውረዱና ያንኑ ድገሙ። ከላይ ወደ ታች ነው የሚሠራው። ከታች ከጀመራችሁ የላይኛውን ስታንቀሳቅሱ የታችኛው ሁሉ ይናጋል።

ሁለት ወጥመድ አለ። የመጀመሪያው «ፊት ቱ» ነው። ፔይንት ላይ ያመሰገንኩት ነገር ኤክሴል ላይ ጠላት ነው። ኤክሴል «ፊት ቱ» ሲበራ በእጅ ያስገባችሁትን መቁረጫ አይቆጥረውም። ያን ሁሉ ለፍታችሁ ፕሪንት ስትሉ እሱ በራሱ ይቆርጣል። ስለዚህ መጠኑን በምስሉ ስፋት ወስኑ፤ ስኬሉ 100 ፐርሰንት ላይ ይቆይ። ሁለተኛው «ፔጅ ብሬክ ፕሪቪው» ላይ ሰማያዊውን መስመር የምትጎትቱ ከሆነ ወደ ላይ ብቻ ጎትቱት። ወደ ታች ከጎተታችሁት ገጹ ከወረቀቱ ይረዝማል። ኤክሴል ያንን ለማስገባት ሁሉንም ገጽ ያሳንሰዋል።

ጨርሳችሁ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ከዚያ በኋላ የትም ሱቅ ብትወስዱት ያው ነው የሚወጣው። የሊብሬኦፊስ ካልክ ለሚጠቀም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፤ እዚያም በረድፍ ገጽ መቁረጥ አለ።

ዎርድ

ምስል ዎርድ ላይ ስታስገቡ ራሱ አሳንሶ አንድ ገጽ ውስጥ ይከተዋል። ለትልቅ ፎቶ ውለታ ነው። ለረጅም ምስል ግን ችግሩን ከነሥሩ መልሶ ይተክለዋል። ጎትታችሁ ብታሰፉትም ወደ ሚቀጥለው ገጽ አያልፍም። ዎርድ ምስልን ገጽ ለገጽ አይከፍልም፣ ከገጹ ያለፈው ዝም ብሎ ይጠፋል። የገጹን ቁመት ላስረዝም ብትሉም ጣሪያው 55.87 ሴንቲሜትር ነው።

የሚያዋጣው መንገድ ይህ ነው። ምስሉን አስቀድማችሁ ቆራርጡት። ከዚያ ዎርድ ላይ ገጹን ሁለት ኮለም አድርጉና ቁርጥራጮቹን በተራ አስገቡ። እያንዳንዱ በኮለሙ ስፋት ልክ ይገባል፣ ወደ 9 ሴንቲሜትር ገደማ። የኛ 9000 ፒክስል ምስል በዚህ መንገድ ሁለት ገጽ ላይ ያልቃል፣ ሲነበብም እንደ ጋዜጣ ከግራ ወደ ቀኝ ነው። ከአንድ ቁራጭ ቁመት 3300 ፒክስል አትለፉ። ምስሉ ቀጭን መስመር ብቻ ሆኖ ከታየ ደግሞ አትደንግጡ፦ የአንቀጹ የመስመር ርቀት «ኤግዛክትሊ» ላይ ስለሆነ ነው። «ሲንግል» አድርጉት፣ ይመለሳል።

ለመቆራረጡ ጊምፕ ጥሩ ነው። ከላይ ካለው ማስመሪያ ላይ መስመር ወደ ታች እየጎተታችሁ ባዶ ቦታዎቹ ላይ አሳርፉ። ኢሜጅ በሚለው ሜኑ ውስጥ «ስላይስ ዩዚንግ ጋይድስ» ስትሉት በመስመሮቹ ልክ ይከፋፍለዋል። ፕሮግራሙ ነጻ ነው። ለአንድ ስክሪንሾት ብቻ ብላችሁ ግን አትጫኑት።

ለግድግዳ፦ ፖስተሬዘር ወይስ አዶቤ ሪደር?

እስካሁን ያወራነው በእጅ ስለሚነበብ ወረቀት ነው። የሚለጠፍ ሲሆን ሕጉ ይለወጣል። የዘር ሐረግ፣ የታሪክ የጊዜ መስመር፣ ለክፍል የተሠራ ረጅም ቻርት ሊሆን ይችላል። እዚህ ገጹ የት እንደተቆረጠ አያስጨንቅም። መልሶ መገጣጠሙ ነው የሚያስጨንቀው። ለዚህ የሚያስፈልገው መደራረብ ነው። የአንዱ ገጽ የመጨረሻ አንድ ሴንቲሜትር በሚቀጥለው ገጽ አናት ላይ ይደገማል። አንዱን በሌላው ላይ አስተኝታችሁ ትለጥፋላችሁ። ኤክሴልና ፔይንት ይህን አያውቁትም።

አዶቤ ሪደር ብዙ ኮምፒውተር ላይ ስላለ መጀመሪያ የሚታሰበው እሱ ነው። የፕሪንት መስኮቱ ላይ «ፖስተር» የሚል አለ። «ታይል ስኬል» መጠኑን፣ «ኦቨርላፕ» መደራረቡን ይወስናል። «ከት ማርክስ» የመቁረጫ ምልክት ያወጣል። «ሌብልስ» ገጹ የቱ እንደሆነ ዳር ላይ ይጽፋል፤ ይህን አትርሱት። ኦቨርላፑ ሲመጣ ከቁጥር የማይገባ ነው፣ ወደ 1 ሴንቲሜትር ከፍ አድርጉት።

ችግሩ ሪደር የሚቀበለው ፒዲኤፍ መሆኑ ነው። ምስሉን «ማይክሮሶፍት ፕሪንት ቱ ፒዲኤፍ» ብላችሁ ከቀየራችሁት ደግሞ ያው ኤ4 ላይ ተጨምቆ ይወጣል፤ ትርፉ ድካም ነው። ጊምፕ ካለ ኢሜጅ ውስጥ «ፕሪንት ሳይዝ» ግቡ። ስፋቱን 190 ሚሊሜትር በሉና ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ኤክስፖርት አድርጉት። 190 ሚሊሜትር ስፋትና 1.58 ሜትር ቁመት ያለው አንድ ገጽ ይሆናል። ሪደር እሱን ይከፋፍለዋል። ፕሪቪው ላይ ገጾቹ በአንድ ዓምድ ተደርድረው ካያችሁ ልክ ነው። ጎን ለጎን ሁለት ዓምድ ከሆኑ ስፋቱ አልፏል። ታይል ስኬሉን 95 አድርጉት።

ፖስተሬዘር ይህን ሁሉ ያሳጥረዋል። ነጻ ነው፣ ትንሽ ነው፣ ፒኤንጂ ወይም ጄፔግ በቀጥታ ይቀበላል። አምስት ደረጃ ነው ያለው፦ ምስሉን መጫን፣ ወረቀቱና ማርጂኑ፣ መደራረቡ፣ መጠኑ፣ ማስቀመጥ። መጠኑ ላይ በገጽ ብዛት መናገር ይቻላል። ስፋት 1 ገጽ ካላችሁት ቁመቱን ራሱ ያሰላዋል። ስፋቱን እሰሩ ያልኩትን ፕሮግራሙ ራሱ ያውቀዋል ማለት ነው። የሚያወጣው ፒዲኤፍ ነው። ያንን ስታትሙ «አክቹዋል ሳይዝ» ምረጡ። «ፊት» ካላችሁት ገጾቹ ትንሽ ሊያንሱና የቆጠራችሁት መደራረብ ሊዛባ ይችላል።

ያረጀ መልክ አለው፣ አትናቁት። ሁለቱም ኮምፒውተሩ ላይ ካሉ እኔ ፖስተሬዘርን እመርጣለሁ።

የፕሪንተሩ ድራይቨር (ፕሪንተሩን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) ውስጥ ያለው ፖስተርስ? ለአራት ማዕዘን ምስል ነው የተሠራው። ብዙ ጊዜ 2 በ2፣ 3 በ3 እያለ ነው የሚከፍለው። ቀጭንና ረጅም ምስል ስትሰጡት ግራና ቀኙ ባዶ ይሆናል።

ሐረር ጀጎል ውስጥ ባለ ቤት ለማንጠልጠል የታሰበ የዘር ሐረግ ከሆነ ደግሞ ሌላ ሂሳብ አለ። የሐረሪ ቤት ግድግዳ በስፌትና በሳህን የተሸፈነ ነው። በፕላስተር የተጣበቀ ስድስት ቁራጭ ወረቀት እዚያ መሃል አያምርም። እንዲህ ላለው የባነር ቤት በሮል ላይ ያውጣው። የሮል ማሽን ቁመት አይገድበውም፣ ገጽ መክፈል የሚባል ጣጣም የለም። ዋጋው ከስድስት ኤ4 በላይ ነው። የምትሰጡት ፋይል ግን ዋናው ይሁን። ትልቅ ሲሆን ጉድለቱም አብሮ ይጎላል።

ሁሉም ላይ የሚያጋጥም

ሁሉን በትክክል አድርጋችሁ የየገጹ ግርጌ ከተቆረጠ ወረቀቱን እዩ። ብዙ ኮምፒውተር ሲጫን «ሌተር» በሚባለው የአሜሪካ መጠን ላይ ይቀራል። ሌተር 216 በ279 ሚሊሜትር ነው። እኛ ትሪው ላይ የምንጨምረው ኤ4 ነው። በቁመት 18 ሚሊሜትር ልዩነት አለ፣ ሁለት ሦስት መስመር ጽሑፍ ማለት ነው። ፕሪንተሩ ቆሞ ወረቀት የሚጠይቅበት ምክንያትም ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ፕሮግራሙ ላይ ኤ4 ማለት ብቻ አይበቃም። ፕሪንተሩ ፕሮፐርቲስ ውስጥም ኤ4 መሆኑን አረጋግጡ።

ሌላው ድርብ ማሳነስ ነው። ኤክሴል ላይ 18.5 ሴንቲሜትር ያላችሁት 16 ሆኖ ከወጣ ሁለት ቦታ «ፊት ቱ ፔጅ» በርቶ ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ፕሮግራሙ ላይ፣ ሌላው ድራይቨሩ ላይ። መጠኑን አንድ ቦታ ብቻ ወስኑ። ሌላው 100 ፐርሰንት ይሁን።

ሁሉንም ገጽ ከማዘዛችሁ በፊት ገጽ 2ን ብቻ አውጡ። ገጽ 1 አያስተማምንም፣ ላይኛው ጠርዙ ምንጊዜም ልክ ነው። ገጽ 2 ላይ ግን ላይኛውም ታችኛውም መቁረጫ፣ ስፋቱም፣ የገጽ ቁጥሩም ይታያል። ማስመሪያ ካለ ስፋቱን ለኩት። ሱቅ የምታሠሩ ከሆነም ልጁን «ፕሪንት አድርግልኝ» ብቻ አትበሉት። «በስፋት አንድ ገጽ፣ በቁመት እስከሄደ ይሂድ፣ መጀመሪያ ገጽ ሁለትን አሳየኝ» በሉት።